ሊቀ ሰላምታ ወልደ ጻድቅ

እግዚአብሔር አቀበትን ሲፈጥር፣ በየአቀበቱ ወገብ ላይ ሰላምታ የሚያስረዝም አንድ ሰው አብሮ አስቀምጧል። ይህን የማያውቅ አቀበት ወጥቶ አያውቅም። ሸክም የከበደው ወይም ሆድ ቁርጠት የያዘው መንገደኛ ሰውየውን ከሩቅ ያየዋል፤ ዘወር የሚልበት መንገድ ግን የለም። ሰውየው ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለ አዳሩ ይጠይቀዋል። ከዚያ ስለ ልጆቹ። ልጆቹ ሲያልቁ ወደ ከብቶቹ ይሻገራል፤ ከብቶቹም ሲያልቁ ዝናቡ አለ።

በጋዝጊብላ በኩል፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ መንደር፣ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ይህ ሹመት የቄስ ወልደ ጻድቅ ነበር። የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታው አናት ላይ ነው። ምንጩ ከግርጌው ነው። የቄሱ ቤት ከምንጩ አጠገብ ስለሆነ፣ ለአገልግሎት በወጡ ቁጥር አቀበቱን ከሥር እስከ ጫፍ ይወጡታል፤ ሲወጡም ያገኙትን ሁሉ ያቆማሉ። የአገሩ ሰው “ሊቀ ሰላምታ” ይላቸው ነበር። ማዕረጉ ከቤተ ክህነት የመጣ ሳይሆን ምንዋጋው ከሚባል አራሽ አፍ የወጣ ነው።

ከሌላው ሰላምታ አስረዛሚ የሚለዩበት አንድ ነገር ነበራቸው። ሌላው የሚያቆምህ ራሱ ሊያወራ ነው። እርሳቸው የሚያቆሙህ አንተ እንድታወራ ነው። ጥያቄያቸው ከአንድ ቃል አያልፍም። “ቤቱስ?” ይሉና ዝም ይላሉ። ሲመለስላቸው፣ “ላሚቱስ?” ይሉና ደግሞ ዝም። መልሱ ካጠረባቸው፣ “ንገረኝ እስቲ” ብለው በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። በአማርኛ አልቆ ሰው እፎይ ሲል፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና እንደ አዲስ ይጀመራል።

የዚህ ሰላምታ ዋና ተጎጂ አገኘሁሽ ነበረች። አገኘሁሽ የብዙነህ ሚስት ናት፤ ቤቷ ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ከምንጩ ውኃ ቀድታ እንስራዋን አዝላ ትወጣለች። ባዶ እንስራ ይዛ ስትወርድ ቄሱ አያጋጥሟትም። ሞልታ ስትወጣ ግን ከቤቷ በታች ካለው ወይራ ሥር ቆመው ታገኛቸዋለች። ይህን እንደ ልዩ ጥበብ ትቆጥረው ነበር።

“አባ፣ ያዘልኩት እኮ ውኃ ነው፤ እርስዎ ሲያቆሙኝ ግን ተራራ ይሆንብኛል” አለቻቸው አንድ ቀን።

“እሺ ልጄ” አሉ። ጥቂት ዝም ብለው፣ “ላሚቱስ?”

ምንዋጋውማ ተዋርዶ የተመለሰበት ቀን አለ። የሰኔ ደመና ሳይወርድ መሬቱን ሊገለብጥ፣ በሬውን እየነዳ ሲሮጥ ቄሱ ከወይራው በላይ ካለው ዝርግ ድንጋይ አጠገብ ያዙት። ቤቱን ጠየቁ፤ ልጆቹን ጠየቁ። ቀጥለው “በሬውስ?” አሉ።

“ይኸው አጠገብዎ ቆሟል፤ ራሱን ይጠይቁት እንጂ!” አለ ምንዋጋው።

ቄሱ አልተቆጡም። ወደ በሬው ዞረው በትሕትና ጎንበስ አሉና ጠበቁ። በሬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። “ደኅና ነው” አሉ ቄሱ፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ። ይህ ወሬ እስከ ሰቆጣ ገበያ ደርሷል።

ቀብር ላይ የሚሠሩትን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ሥርዓቱ፣ አስከሬን ከቤት ወጥቶ መቃብር እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየማረፊያው ፍትሐት ይደረሳል። ቄስ ወልደ ጻድቅ ከፊት የሚሄዱበት ቀብር ግን ስምንተኛ ማረፊያ አለው ተብሎ ይታማል። ከደጀ ሰላሙ በታች ካለችው የመጨረሻ ከፍታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ያወርዳሉ። “ሟቹ እንኳ ደከመው” እያሉ ያንሾካሹካሉ። ቄሱ ግን ዳዊታቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ ገጽ ሲፈልጉ ይቆያሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁትን ዳዊት ነው።

አገኘሁሽ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ መላ አገኘች። ከምንጩ ጀርባ የፍየል መንገድ አለ፤ ገደል ለገደል እየዞረ ከወይራው በላይ ብቅ ይላል። እንስራ ላዘለ ሰው የሚመከር አይደለም። እሷ ግን መውደቅን ከላሚቱ ጥያቄ መረጠች።

በዚያ መንገድ በሦስተኛው ቀን፣ ከወይራው በላይ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ብቅ ስትል ቄሱን ከሥሯ አየቻቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ተክለው ጎንበስ ብለዋል። ትከሻቸው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይነሣል፣ ይወርዳል። ደረታቸው ያፏጫል፤ ነፋስ በሣር ክዳን ቀዳዳ ሲገባ የሚያሰማውን ዓይነት ቀጭን ፉጨት። በየመካከሉ ቀና ብለው ወደ ታች መንገዱን ያያሉ። ሰው እየጠበቁ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ከታች ብቅ አለች። ቄሱ ወዲያው ቀጥ አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ በትራቸውን ተደገፉ። “ደኅና… አደርሽ?” አሉ። “ቤቱስ?” ሴትየዋ ስለ ቤቷ ማውራት ጀመረች። ቄሱ አፋቸውን ገጥመው፣ በአፍንጫቸው ቀስ እያሉ፣ እንደ ሌባ አየር ይሰበስቡ ነበር።

አገኘሁሽ እንስራዋን ከቋጥኙ ሥር አሳረፈች። የዘጠኝ ዓመት ሰላምታ በአንድ ጊዜ ተገለበጠባት። ሴትየዋ ስታልፍ ጠብቃ ወረደች።

“አባ።”

ደነገጡ። “አገኘሁሽ። ላሚቱስ?”

“ላሚቱን ለጊዜው ይተዉልኝ። ምን ሆነው ነው?”

“እርጅና።”

“እርጅና ያፏጫል እንዴ? እናቴ ዘጠና ዓመት ሞልቷት ሞተች፤ አንድ ቀን አላፏጨችም።”

ቄሱ ግራ ቀኝ አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በየቃሉ መካከል እያረፉ ነገሯት። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ በጥር ብርድ ጀመራቸው። ይመጣል፤ ይሄዳል። ሰው ካወቀ ሳንባ ነቀርሳ ነው ይላል። ዋንጫቸው ይለያል። መስቀላቸውን ማን ይሳለመዋል? ይህስ ይሁን። ቂርቆስ ያለው ሁለት ቄስ ብቻ ነው፤ እርሳቸውና ቄስ ወልደ ሐዋርያት። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስ አይቆምም። እርሳቸው ከቀሩ እሑድም ቢሆን የቂርቆስ ደጅ ተዘግቶ ይውላል። “ሠላሳ አንድ ዓመት አልቀረሁም” አሉ፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

በሳምንቱ አገኘሁሽ የባሏን በቅሎ ጭና ቄሱን ሰቆጣ ወሰደቻቸው። ለመንደሩ የተነገረው መስቀላቸውን ሊያስጠግኑ እንደሄዱ ነው። ምንዋጋው፣ “አንጥረኛው በሰላምታ ያልቃል” አለ።

በሰቆጣ ክሊኒክ የተቀበላቸው ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ካሳ የሚባል ወጣት ነበር። ቄሱ እንደ ልማዳቸው “ቤቱስ?” አሉት። “ደኅና” አለና ዝም አለ። “ከብቱስ?” “ደኅና” አሁንም ዝም። ቄሱ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጨካኝ አጋጥሟቸው አያውቅም። ካሳ ዐይኑን ከትከሻቸው ሳይነቅል፣

“አባ፣ ጥያቄዎ ሁሉ አንድ ቃል ነው። እስቲ ረጅም አድርገው ይጠይቁኝ” አላቸው።

ሞከሩ። “እናትና አባትህ እንደምን…” ላይ ትንፋሻቸው ተቆረጠ።

ከዚያ የካሳ ጥያቄ ተራ ሆነ። ትኩሳት አለ? የለም። ደም ያለው አክታ? የለም። የሚብሰው መቼ ነው? ንጋት ላይ፣ ብርድ ሲሆን፣ በውቂያ ሰሞን እብቁ ሲነሣ፣ ደግሞ ሲተኙ። ምን ላይ ነው የሚተኙት? በበግ አጎዛ ላይ፤ ሚስታቸውም በዚያው ክፍል የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ደረታቸውን በማዳመጫ አዳመጠ። ሁለት ቀን አሳድሮ አክታቸውን በአጉሊ መነጽር አየ።

“ሳንባ ነቀርሳ አይደለም” አላቸው በመጨረሻ። “ቢሆን ኖሮ በዐሥር ዓመት ሥጋዎን ጨርሶት ነበር። እርጅናም አይደለም። እርጅና ከመጣ አይመለስም። ይህ ግን ይመጣል፣ ይመለሳል። አስም ይባላል።”

“በሰው ይጋባል?” አለች አገኘሁሽ።

“አይጋባም። መስቀላቸውን ሳሚ።”

መርፌ ወጋቸው። እንጀራ ተቆርሶ በሚያልቅበት ያህል ጊዜ ውስጥ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ቄሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ አገኘሁሽ ሰምታው የማታውቀውን ነገር ሰማች፤ ቄስ ወልደ ጻድቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

“ልጄ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ላሚቱ በግራ እግሯ አንክሳ፣ አንቺም የእናትሽን ተዝካር ልታወጪ ጌሾ አጥተሽ፣ ብዙነህ አበርገሌ ወርዶ በንዳድ ታሞ የተመለሰበትን ሳምንት የነገርሽኝ ጊዜ፣ አይዞሽ ልልሽ ፈልጌ ትንፋሽ አጠረኝና ‘ጥጃዋስ?’ ብዬሽ አለፍኩ፤ ያን ቀን ማታ ራሴን ስወቅስ አድሬአለሁ።”

አገኘሁሽ ተዝካሩንም ጌሾውንም ራሷ ረስታው ነበር። ሲመለሱ በበቅሎዋ ላይ ሆነው የዘጠኝ ዓመት ወሬዋን፣ የምንዋጋውንም፣ የመንደሩንም፣ አንድ ሳያዛንፉ ተረኩላት። ያቆሟቸው ለትንፋሽ ነበር። የሰሙት ግን ሁሉንም ነው።

ካሳ የሰጣቸው ነጫጭ ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። “አንዱን ማታ፤ አንዱን ጠዋት እንደተነሡ፣ አቀበቱን ሳይጀምሩ” ብሏቸዋል።

“ቅዳሴ ባለበት ቀንም?”

“አቀበት ባለበት ቀን ሁሉ።”

“እሺ” አሉ ቄሱ።

ካሳ የከተማ ልጅ ስለሆነ ይህን እሺ አመነው። በዚያ አገር ግን እሺ ማለት ሰማሁ ማለት እንጂ አደርጋለሁ ማለት አይደለም። ቀዳሽ ቄስ ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፉ አይገባም። ክኒን ያለ ውኃ ቢዋጥም መዋጥ ነው። ቄስ ወልደ ጻድቅ የማታውን በሥርዓት ዋጡ፤ ቅዳሴ በሌለበት ቀን የጠዋቱንም ዋጡ። ቅዳሴ ባለበት ቀን የጠዋቱ ክኒን በጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሮ አቀበቱን አብሮ ይወጣና አብሮ ይወርዳል። አገኘሁሽ ስትቆጣቸው፣ “ከእኔ ጋር ሳለ ያግዘኛል” ይሏት ነበር።

ካሳ የሚያስነሣባቸው ጠጉሩ ነው ስላለ አጎዛው ከቤት ወጣ። ሚስታቸው ወለተ ሚካኤል፣ “አርባ ዓመት የተኛሁበት አጎዛ ምን በደለ?” ብላ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው እንዝርቷንም ይዛ በረንዳ ላይ መፍተል ጀመረች። ቄሱ ተሻላቸው። በአቀበቱ ላይ አምስት ጊዜ ይቆሙ የነበረው ሦስት ጊዜ ሆነ።

ለሦስቱ ደግሞ አገኘሁሽ አለችላቸው። የፍየል መንገዱን ተወችው። ቅዳሴ ባለበት ቀን ሰዓታቸውን ጠብቃ፣ እንስራዋን አዝላ ወይራው ሥር ራሷ ትገኛለች። ወሬ ሲያልቅባት መፍጠር ጀመረች። ላሟ በዚያ ዓመት አልወለደችም ነበር፤ አገኘሁሽ ግን ጥጃ ሰጠቻት። ጥጃዋ ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ ሆነች። ገመድ በላች፤ የጎረቤት ሽሮ ደፋች፤ ብዙነህን ከምንጩ ገፍትራ ጣለችው። ቄሱ የመንደሩን ላም እርግዝና በወር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድም ቀን አልሳቁም። አንድም ቀን “የትኛዋ ጥጃ?” አላሉም። “ጥጃዋስ?” ይላሉ ብቻ፤ አንድ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

ጥር ዐሥራ አምስት የቂርቆስ ዓመታዊ በዓል ነው። ብርዱ የሚከፋበት፣ የውቂያ እብቅ ከየአውድማው የሚነሣበት ሰሞን። በበዓሉ ቀን ውኃ አይቀዳም፤ በሬም አይነዳም። አገኘሁሽ ውኃዋን ከዋዜማው ሞልታ፣ ነጭ ለብሳ፣ ጎሕ ሲቀድ ከሴቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ሕዝቡ ሁሉ ቀድሞ ወጥቷል። ከፃግብጂም ከሌላውም አጥቢያ የመጡ ካህናት ግቢውን ሞልተውታል።

ከግቢው ቅጥር ላይ ቁልቁል የሚያዩት ሰዎች ሳቅ አሰሙ። “ሊቀ ሰላምታ ዛሬ የሚያቆሙት ሰው አጡ!” አለ ምንዋጋው።

አገኘሁሽ ወደ ቅጥሩ ሄዳ ተመለከተች። ከታች፣ ዝርጉ ድንጋይ አጠገብ፣ ነጭ ጥምጥም ብቻውን ቆሟል። ፊቱን ወደ ታች መንገድ አዙሯል። መንገዱ ላይ አንድ ሰው የለም። በዓል ነው።

ለሰላምታ የቆመ ሰው ሰላም የሚለው ካላገኘ፣ ለምን እንደቆመ ይታወቅበታል። ቄሱ ቀና ብለው በቅጥሩ ላይ የተደረደረውን ነጭ ሕዝብ አዩ። ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ፤ ግን ቀጥ ብለው መውጣት ጀመሩ፤ ሳያርፉ።

አገኘሁሽ ሮጠች። ደጀ ሰላሙ ላይ የቆመውን ሰው እየገፋች፣ ነጠላዋ ከራሷ እየወደቀ ቁልቁል ሮጠች። ከዝርጉ ድንጋይ በላይ ካለው የቁልቋል አጥር ሥር ደረሰችባቸው። ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ያ ፉጨት እንኳ አሁን አይሰማም ለማለት ይቻላል፤ የሚያፏጭበት አየር አልነበረም።

የጋቢያቸውን ጫፍ ፈታች። ክኒኑ በቦታው ነበር። “ይዋጡት አባ!”

ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ዛሬ እኮ እላይ ዐሥራ አንድ ቄስ አለ! ቅዳሴው አይቀርም! እርስዎን የሚጠብቅ የለም!”

ይህችን የመጨረሻ ቃል ዕድሜዋን ሁሉ ስትጸጸትባት ኖረች። ቄሱ ዐይናቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ቂርቆስ ጉልላት አነሡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቀን እዚያ ቀርተው አያውቁም። ክኒኑን ከእጇ ወሰዱ፤ መልሰው ቋጠሩት። ከዚያ አንዱን ቅንድብ በጭንቅ ከፍ አድርገው፣

“ጥጃዋስ?” አሉ።

አገኘሁሽ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ጀርባቸውን ደግፋ ነገረቻቸው። ጥጃዋ ትናንት ከጋጣዋ አምልጣ ጤፍ ክምር ላይ ወጣች፤ ብዙነህ መሰላል ፈልጎ አጣ። ጥጃዋ የቄስ ወልደ ሐዋርያትን መቋሚያ ላሰችው። አድጋለች አባ፤ ቀንድ ልታወጣ ነው፤ አንዱ ወደ ግራ የሚዞር ይመስላል። ለመጪው ዓመት ትወልዳለች፤ ወተቷ ለእርስዎ ነው፣ ለወለተ ሚካኤልም…

ምንዋጋውና ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ አሁንም እያወራች ነበር። ምንዋጋው ጎንበስ ብሎ አያቸው። “አገኘሁሽ” አላት በቀስታ፤ “ተይ፤ በቃ።”

በልቅሶው ቤት እውነቱን ተናገረች፤ አስሙን፣ ማረፊያዎቹን፣ ክኒኑን። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ያሳጠረውን መልስ ይቆጥር ጀመር። ምንዋጋው፣ “እኔ እኮ በሬውን ይጠይቁት ነው ያልኳቸው” አለ።

በማግስቱ አስከሬናቸው ከምንጩ አጠገብ ካለው ቤታቸው ወጣ። ከፊት የሄዱት ቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ በሥርዓት የማይቀልዱ ሰው ናቸው። በሥርዓቱ መሠረት ሰባት ጊዜ ታረፈ፤ በየማረፊያው ተጸለየ። ወይራው ሥር ታረፈ። ዝርጉ ድንጋይ ላይ ታረፈ። ቁልቋሉም ሥር ታረፈ። ሰባተኛው ተፈጽሞ ከደጀ ሰላሙ በታች ካለችው ከፍታ ላይ ሲደርሱ፣ ተሸካሚዎቹ ቆሙ።

“ሰባቱ ተፈጽሟል” አሉ ቄስ ወልደ ሐዋርያት።

“እናውቃለን አባ” አለ ምንዋጋው፤ ቃሬዛውንም አወረደው።

ለስምንተኛው ማረፊያ የተጻፈ ጸሎት የለም። ካህናቱም ሕዝቡም ቆሙ፤ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። አገኘሁሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ወደ ቃሬዛው ቀረበች፤ ጎንበስም አለች።

“ጥጃዋ ደኅና ናት፣ አባ” አለች።